ሳይቃጠል በቅጠል፣ ሳይደፈን በአቼቶ

ሳን ሆዜ በገባሁ በአራተኛው ወር፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሥራ ልብሴን ለብሼ ወጥ ቤት ቆሜያለሁ። ውጭው ገና ጨለማ ነው። አንድ ስኒ ብቻ የሚያፈላውን የቡና ማሽኔን ተጫንኩት። ኦክላንድ ሳለሁ ይኼ ማሽን ብዙም አያስጠብቀኝም ነበር። ያን ጠዋት ግን አቃሰተ፣ ተንደቀደቀ፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቆም ቀጠል አለ፤ ከዚያም ኩባያዬን እስከ ግማሽ ሞልቶ ዝም አለ። ቀመስኩት። ለብ ያለ፣ ውሃ ውሃ የሚል ነገር ነው። ቡናው ግን ሳስቼ የገዛሁት ይርጋ ጨፌ ነበር።

ቅዳሜ ሲደርስ ማሽኑን አቅፌ ወደ በር ሄድኩ። እዚህ ቤይ ኤሪያ የማይፈለግ ዕቃ «ፍሪ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ ያለፈ ያገደመ ያነሳዋል። እኔም ወረቀቱን ጽፌ ጨርሻለሁ። ደጃፉ ላይ ጎረቤቴ አገኙኝ። እናቴን የሚያህሉ፣ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ እናት ናቸው።

«ምን ሆነና ነው የምትጥይው?»

«ሞተ እትዬ። ግማሽ ስኒ ሰጥቶ ይቆማል።»

ከእጄ ተቀበሉኝና የውሃ መያዣውን ነቅለው ወደ ብርሃን አነሱት። ከሥሩ ባለው ቀዳዳ ዙሪያ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ። ጥፍራቸው ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ።

«ይኼማ የድሬ ማንቆርቆሪያ ነው! አልሞተም ልጄ፣ ታፍኖ ነው። አቼቶ አለሽ?»

ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይህን ነጭ ነገር ለማወቅ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም። የከተማዋ ውሃ ከጉድጓድ ይወጣል፣ የአካባቢው አለት ደግሞ የኖራ ድንጋይ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ማንቆርቆሪያው ውስጥ፣ የሻወሩ ቀዳዳ ላይ፣ የቧንቧው አፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። እትዬ በልጅነታቸው የእናታቸውን ማንቆርቆሪያ በሎሚ ሲያጸዱ አድገዋል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ማሽን ቡና ስጠጣ አንድም ቀን ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር።

ወዳጆቼ፣ ይህን ዓምድ ዛሬ ለቡና ማሽን የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው። «ሞተ» ብለን ደጅ ልናወጣው የተዘጋጀነው ስንቱ ነገር ታፍኖ ብቻ ይሆን? ለወራት ያልደወልንለት ጓደኛ፣ ጥግ የቆመው ብስክሌት፣ ጀምረን የተውነው የማታ ትምህርት አለ። ከሁሉም በፊት ግን እጃችን ከሚደርስበት እንጀምር፤ ከማሽኑ እንጀምር። እጅ በትንሹ ዕቃ ላይ የለመደውን እንክብካቤ ወደ ትልቁ ነገር ይዞት ይሄዳልና።

በመጀመሪያ ኦክላንድ ውስጥ ሦስት ዓመት ደህና የቆየ ማሽን ሳን ሆዜ ውስጥ በአራት ወር ለምን እንደታፈነ ልንገራችሁ። ይህን ሳውቅ ተደንቄያለሁ።

ኦክላንድ የኖርኩት ከቴሌግራፍ ጎዳና አጠገብ ነው፤ ካፌ ኮሉቺ በ1991 እ.ኤ.አ. የተከፈተበት፣ የእኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች የበርበሬ ሽታ በየመንገዱ ዳር የሚያውድበት ሰፈር። የዚያ ከተማ ውሃ የሚመጣው ከሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ነው። በረዶው ቀልጦ ወደ ሞካለሚ ወንዝ ይወርዳል፣ በ1929 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የፓርዲ ግድብ ይይዘዋል፣ ከዚያም ሰዎች በአጭሩ ኢቢመድ የሚሉት የኢስት ቤይ ውሃ ድርጅት ወደ 145 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ አጉዞ ቤት ያደርሰዋል። በግራናይት አለት ላይ የፈሰሰ የበረዶ ውሃ ከድንጋዩ ብዙ ነገር አይወስድም። ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣበታል፣ ማንቆርቆሪያ አይለብስበትም። የእኔ ማሽን ሦስት ዓመት የቆየው በእኔ ጥንቃቄ ሳይሆን በሲየራ በረዶ ነበር።

ሳን ሆዜ ሌላ ነው። ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሳን ሆዜ ዋተር ካምፓኒ ከፊሉን ውሃ ከሸለቆው ሥር ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ያወጣል፣ ከፊሉን ከሳክራሜንቶና ሳን ዋኪን ወንዞች መገናኛ የመጣውን ገዝቶ ያከፋፍላል፣ ጥቂቱን ደግሞ ከሳንታ ክሩዝ ተራሮች ይሰበስባል። መሬት ውስጥ የቆየ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም መለኪያ በአንድ ሊትር ውስጥ በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ ከ60 ሚሊ ግራም በታች ያለው ለስላሳ ውሃ ይባላል፤ ከ180 በላይ ሲሆን በጣም ጠንካራ ነው። እዚያው ሳን ሆዜ ውስጥ እንኳ ሰፈር ከሰፈር ይለያል። በሰሜን በኩል፣ በአልቪሶ አካባቢ፣ ሄች ሄቺ ከሚባለው ማጠራቀሚያ የሚመጣውን የተራራ ውሃ የሚጠጡ አሉ። እኔ የተከራየሁት የጉድጓዱ ውሃ ከሚደርስበት ሰፈር ነው። የእናንተን ለማወቅ ብዙ አትድከሙ፤ የውሃ ድርጅቶች በየዓመቱ የጥራት ሪፖርት የማውጣት ግዴታ አለባቸው፣ እዚያ ውስጥ የውሃው ጥንካሬ በቁጥር ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ጠንካራ ውሃ መጠጣት ጉዳት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ሲሞቅ ነው። በውሃው ውስጥ ተሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ሙቀት ሲያገኝ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ማሞቂያው ላይና ቀጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ይለጠፋል። በአንድ ስኒ የሚቀረው በዓይን አይታይም። ግን በየጠዋቱ፣ በየማታው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጨምራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ለመልካሙ ነገር ነው፤ ቅርፊቱም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው። ውሎ አድሮ ማሞቂያው በድንጋይ ልብስ ይጠቀለላል፣ ሙቀቱ እንደ ልብ ወደ ውሃው አይደርስም፣ ቱቦው ይጠባል። ለጥሩ ቡና ውሃው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። የእኔ ማሽን ግን ለብ ያለ ውሃ እየገፋ ነበርና ይርጋ ጨፌው ጠረኑን ሊሰጠኝ አልቻለም። ቡናው ምንም አላጠፋም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እትዬና እኔ ያን ቅዳሜ እንዴት እንዳደረግነው እነግራችኋለሁ፤ እናንተም ዛሬ ማታ ታደርጉታላችሁ።

መጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀልን። የውሃ መያዣውን፣ ክዳኑን፣ ካፕሱል (ቡናው ታሽጎ የሚመጣበት ትንሽ ኩባያ) የሚቀመጥበትን ማቀፊያና ከሥር ያለውን የጠብታ ሳህን አወጣን፤ ሁሉንም በሞቀ ውሃና በዕቃ ሳሙና አጠብን። አቼቶ ኖራውን ያሟሟል እንጂ የቡና ቅባት አያነሳም፤ ቅባቱ የሳሙና ድርሻ ነው። ቡና ቅባት እንዳለው የሚጠራጠር የማቀፊያውን ውስጥ በጣቱ ይንካ። ያ ቅባት ሰንብቶ ሲሻግት ነው ቡናችን «አሮጌ፣ አሮጌ» የሚለው። የውሃ መያዣውን በጨርቅ አታድርቁት፤ የጨርቁ ብናኝ ወደ ቱቦው ይገባል። ደፍታችሁ ተዉትና ራሱ ይድረቅ።

ቀጥሎ መርፌዎቹ አሉ። ካፕሱሉን ከላይ የሚወጋ አንድ፣ ከሥር የሚያፈስ ሌላ አንድ መርፌ አለ፤ ሁለቱም ስለታም ናቸውና ጣታችሁን ጠብቁ። እትዬ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ፈትተው ቀስ እያሉ ጠረጉት። የወጣው አተላ ጠቆር ያለና እንደ ጭቃ የላመ ነበር። ከየት እንደመጣ አውቄዋለሁ። አዲስ አበባ ያለች እህቴ አስፈጭታ የላከችልኝን ቡና፣ እየተሞላ በሚታጠበው ማጣሪያ ውስጥ እያደረግሁ በዚህ ማሽን አፈላው ነበር። የጀበና ቡና አፈጫጨት የላመ ነው፤ ጀበና ውስጥ አተላው ወደ ታች እስኪዘቅጥ እንጠብቃለን፣ ማሽኑ ግን አይጠብቅም፣ በግፊት እየገፋ መርፌው ላይ ይደፍነዋል። ከዚያ ወዲህ የእህቴን ቡና ለጀበናዬ አድርጌያለሁ። ለማሽኑ ሸካራ አድርጌ የምፈጨው ሌላ ቡና አለኝ፤ ማጣሪያውንም እስከ አፉ አልጠቀጥቀውም።

ከዚያ አቼቶው መጣ። አስቀድማችሁ የማሽናችሁን መመሪያ እዩ። አንዳንድ አምራቾች አቼቶን ይከለክላሉ፤ እንዲህ ከሆነ ከሲትሪክ አሲድ የተሠራ ማጽጃ ግዙ። የእኔ ማሽን መመሪያ ይፈቅዳልና ግማሽ ነጭ አቼቶ፣ ግማሽ ውሃ ሞላንበት። መያዣው ውስጥ የከሰል ማጣሪያ ካለ ቀድሞ ይውጣ። ካፕሱል ሳናስገባ ትልቁን ኩባያ ከሥሩ አድርገን ተጫንነው። የመጀመሪያው ኩባያ ደፍርሶ፣ ነጫጭ ፍርፋሪ ይዞ ወጣ። ደፋነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ቀጠለ። መሃል ላይ አቆምንና ለግማሽ ሰዓት ተውነው፤ አቼቶው ከኖራው ጋር ሲገናኝ አረፋ እያስወጣ ድንጋዩን መልሶ ወደ ውሃ ያሟሟዋል፣ ለዚህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ የቀረውን አወረድን። በመጨረሻ መያዣውን አጥበን፣ ንጹሕ ውሃ እየሞላን፣ የአቼቶው ሽታ እስኪጠፋ አሥር አሥራ ሁለት ኩባያ አሳለፍን።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አቼቶ ባለበት በረኪና አይጠጋ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ፣ ሳንባ ይጎዳል። «የበለጠ እንዲጠራ» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያፈስ ሰው ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ንገሩት።

«እኔ ሁለት ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ለዚህ የሚሆን ጊዜ ከየት ይመጣል?» የምትሉኝን እሰማችኋለሁ። አውቃችኋለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ወደ ቀን ፈረቃ የምትነዱ ናችሁ። ይህ ሥራ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እናንተ በእጃችሁ የምትሠሩበት ግን አሥራ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ቀሪውን ማሽኑና አቼቶው ይሠሩታል። እኔ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እጀምራለሁ። አቼቶው ማሽኑ ውስጥ በሚቆይበት ግማሽ ሰዓት ስልኬን አንሥቼ እናቴ ዘንድ እደውላለሁ። እዚያ እሑድ ጠዋት ነው፤ ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ ስትል ወይም ከቅዳሴ ስትመለስ አገኛታለሁ። ያ ግማሽ ሰዓት ከሁሉ የምወደው ሆኗል። ማሽኑ ባይታፈን ኖሮ ይህን የስልክ ሰዓት አላገኘውም ነበር።

ሌላው ጥያቄ መቼ መቼ የሚለው ነው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ በየሦስት እስከ ስድስት ወር ይላሉ። ሰው ግን «በየሦስት ወሩ» የሚባል ነገር አያስታውስም። እኛ የምናስታውሰው በዓል ነው። እናቶቻችን ዓውደ ዓመት ሲቃረብ ቤት ያጥባሉ፣ ምጣድ ያስሳሉ፣ ዕቃ ከመደርደሪያ ያወርዳሉ፤ ማስታወሻ ደብተር አላስፈለጋቸውም። እኔ ማሽኔን ከዚያ ጋር አስሬዋለሁ። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከፋሲካና ከሰኔ ሚካኤል በፊት ባለው ቅዳሜ አቼቶዬን አወጣለሁ። ኦክላንድ ያላችሁ፣ ውሃችሁ ለስላሳ ስለሆነ እንቁጣጣሽና ፋሲካ ይበቋችኋል። ሙስሊም እህት ወንድሞቼ፣ ሁለቱ ኢዶችና መውሊድ አሏችሁ። ምንም ቢሆን በዓል የሌለው ቤት የለም።

በበዓል መካከል ያለው ቀላል ነው። የመጨረሻውን ቡና እንደጠጣችሁ ያገለገለውን ካፕሱል ውስጥ አታሳድሩ፤ ሻጋታ ሙቀትና እርጥበት ያለበትን የተዘጋ ቦታ ይወዳል። የውሃ መያዣውን በሳምንት አንድ ቀን በሳሙና እጠቡ። በ2011 እ.ኤ.አ. ኤን ኤስ ኤፍ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የ22 ቤተሰቦችን የቤት ዕቃ አስፈትሾ ነበር፤ ከቡና ማሽኖቹ የውሃ መያዣዎች ግማሾቹ ላይ እርሾና ሻጋታ ተገኝቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስፔን የቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካፕሱል የሚወድቅበትንና ጠብታ የሚጠራቀምበትን ሳህን መርምረው ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አግኝተውበታል። ይህን ያመጣሁት ላስፈራችሁ አይደለም፤ ስፖንጅና ሳሙና የሚፈቱት ነገር ስለሆነ ነው። ለጉዞ ከሄዳችሁ ውሃውን ደፍታችሁ ሂዱ። ያደረ ውሃ ቡና አይሆንም፤ ጀበና ላይ የማናደርገውን ማሽን ላይ አናድርግ።

ጀበና ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እኛ እኮ ይህን ሁሉ ቀድሞ የምናውቅ ሕዝብ ነን። አዲስ ጀበና ገበያ ገዝቶ በዚያው ቀን እንግዳ ያጠጣበት ማን አለ? መጀመሪያ ይሟሻል። ውሃ ይፈላበታል፣ አተላ ይፈላበታል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይፈላበታል፤ የአፈሩ ሽታ እስኪወጣ፣ ቡናውን እስኪለምድ ይታገሡታል። ምጣድም እንደዚሁ ጎመን ዘር በማሰሻ ተቀብቶ ይሟሻል። አንድ ዕቃ ወደ ቤታችን ሲገባ አገልጋይ ከመሆኑ በፊት እንቀበለዋለን ማለት ነው። የማሽኑን መመሪያ በኋላ ከፍቼ ሳነብ ምን አገኘሁ? «ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጠቀምዎ በፊት ያለ ቡና ንጹሕ ውሃ ያሳልፉበት» ይላል። ማሟሸት ነው እኮ! አያቶቻችን በቃል ያስተማሩን ነገር በወረቀት ታትሞ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ሳላነበው ወደ ጎን አድርጌው ነበር።

እነዚህ ማሽኖች የተፈለሰፉት ብቻውን ለሚጠጣ ሰው ነው። ጆን ሲልቫንና ፒተር ድራጎን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኪዩሪግ የተባለውን ኩባንያ ሲጀምሩ ያሰቡት ቢሮ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠ መራራ ቡና ለሰለቸው ሠራተኛ ነበር፤ የመጀመሪያው ማሽናቸው በ1998 እ.ኤ.አ. ለመሥሪያ ቤቶች ወጣ። የእኛ ቡና ደግሞ ጎረቤት ካልተጠራ ቡና አይባልም። በሥራ ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ጎረቤት መጥራት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ለዚያ ሰዓት ማሽኑ ባለውለታዬ ነው፣ ባለውለታን ደግሞ ታፍኖ እያየሁ ዝም ልል አይገባኝም። ስለዚህ ዛሬ ተነሡ። የውሃ መያዣውን ንቀሉና ወደ ብርሃን አንሡት። በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ነጭ ዱቄት ከቀረ ሥራ አላችሁ ማለት ነው፣ ያውም የምትችሉት ሥራ። አንድ ጋሎን ነጭ አቼቶ ካፌ ገብታችሁ ከምትጠጡት አንድ ቡና ብዙም አይበልጥባችሁም።

ያን ቅዳሜ አሥራ ሁለተኛውን ኩባያ ንጹሕ ውሃ ደፍተን ስንጨርስ መሽቶ ነበር። «ፍሪ» የሚለውን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩት። ከዚያ ይርጋ ጨፌውን አስገብቼ ተጫንኩ። ማሽኑ አላቃሰተም፤ አንድ ጊዜ እርር ብሎ ቀጥ ያለ፣ የሚያጨስ ቡና አወረደ፣ ኩባያውም እስከ አፉ ሞላ። ለእትዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አሸተቱት፣ ፉት አሉት፣ ዝም ብለው ትንሽ ቆዩ። እኔ ጀበናውን ላነሣ ወደ መደርደሪያው ስዞር ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ተዪው ልጄ፣ ቶናውንም ከዚሁ ቅጂልኝ።»